የቬርሜርን ልጃገረድ ስቀዳ ፊቷ ለምን ጭቃ ሆነ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በዘይት ቀለም መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ፖርትሬት (የሰው ፊት ሥዕል) መማር ስለምፈልግ የሆላንዳዊውን ሰዓሊ የቬርሜርን ‹ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጃገረድ› ከስልኬ ላይ እያየሁ ቀዳሁ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከሩቅ ሲያዩት እሷን ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ቆዳዋ ጭቃ ነው፤ ዓይኗም እምቢ ብሎኛል። ከዚያ የእህቴን ፊት ልሥል ብሞክር ምንም እንዳልተማረ ሰው ሆንኩ። የድሮ ሥዕል መቅዳት በእውነት ያስተምራል? ካስተማረስ እንዴት ነው የሚቀዳው?»

እህቴ፣ ያስተምራል። እኔም ፊት መሣልን አብዛኛውን የተማርኩት ከሞቱ መቶዎች ዓመታት ካለፏቸው ሰዓሊዎች ነው። ጥያቄሽን ሳነብ ግን ከጭቃውም ከዓይኑም በላይ ያሳሰበኝ የእህትሽ ነገር ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ፊት ላይ ቆየሽ። ወደ ሌላ ፊት ስትዞሪ ምንም አብሮሽ አልመጣም። ይሄ የችሎታ ማነስ አይደለም። የአቀዳድ ችግር ነው፤ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርሽ፤ ቀሪው ምክሬ ሁሉ ከእሱ የሚወጣ ነው። ቅጂ ብቻውን አያልቅም። ከእያንዳንዱ ቅጂ ቀጥሎ ፊትሽ ከተቀመጠ ሰው የተሠራ ሥዕል መኖር አለበት። በዚያው ብርሃን፣ በእነዚያው ቀለሞች፣ በዚያው ቅደም ተከተል። እኔ «መንታ» እለዋለሁ። መንታ የሌለው ቅጂ ግድግዳ ያሳምር ይሆናል፤ እጅ ላይ ግን አይቀርም።

መቅዳት የጀማሪ ሥራ ብቻ እንዳይመስልሽ። ታላቁ ሰዓሊ ሩበንስ በ1628 እና በ1629 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማድሪድ ሳለ ከእሱ በፊት የነበረውን የሰዓሊ ቲሲያንን ‹አዳምና ሔዋን› ቀድቷል። ያኔ ዕድሜው 50 አልፏል፤ ስሙም በአውሮፓ የገነነ ነበር። ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ እዚያው ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሩበንስ እንዳለ አልገለበጠም። የአዳምን አቀማመጥ ቀየረ፤ ቲሲያን ያልሣለውን በቀቀን ጨመረ። እየቀዳ ያስብ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የምወደው ታሪክ ደግሞ አለ። እዚያው ፕራዶ አንድ የሞናሊዛ ቅጂ አለ። ለረጅም ጊዜ እምብዛም ቦታ አልተሰጠውም ነበር። በ2012 ተጠርጎ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ በኋላ ዘመን ከሴትዮዋ ኋላ የተቀባው ጥቁር ቀለም ተነስቶ ከሥሩ የመሬት ገጽታ ወጣ። በኢንፍራሬድ ሲመረመር ደግሞ የበለጠ ነገር ታየ። የሞናሊዛ ሰዓሊ ሌኦናርዶ ንድፉ ላይ ያደረጋቸው ማስተካከያዎች በቅጂው ሥርም አሉ። ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ሆኖ፣ መምህሩ ባረመ ቁጥር እሱም እያረመ ነው የሠራው። አንቺ የቀዳሽው ያለቀውን ሥዕል ነው። ያ ተማሪ የቀዳው አሠራሩን ነው። እኛ ከሌኦናርዶ ጎን መቆም አንችልም። ግን ቅደም ተከተሉን ፈልገን ማግኘት እንችላለን።

አሁን ወደ መረጥሽው ሥዕል ልምጣ። ልጃገረዷ ቀላል ትመስላለች። ከኋላዋ ጨለማ ነው፣ ዝርዝሩ ጥቂት ነው፣ ሸራውም ትንሽ ነው፤ 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር። ለጀማሪ ግን በጣም ከባድ ናት። ምክንያቱም ቬርሜር የምትይዢው መስመር አልተወልሽም። የአፍንጫዋን አጥንት እስቲ አስተውለሽ እዪው። አፍንጫዋና በብርሃን በኩል ያለው ጉንጯ የሚለያዩበት ድንበር የለም። ሁለቱ ተዋህደዋል። አፍንጫ መኖሩን የሚነግርሽ በወዲያኛው በኩል ያለው ጥላ ነው። አንቺ እዚያ ቦታ መስመር አስገብተሻል ብዬ እገምታለሁ፤ ሁላችንም እናስገባለን። ዕንቁውም እንደዚያው ነው። ከላይ አንድ ደማቅ የነጭ ንክኪ፣ ከታች የአንገትጌዋ ነጸብራቅ፤ በቃ። ጆሮዋ ላይ የሚያንጠለጥለው መንጠቆ እንኳ አልተሣለም።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ የምናያት ልጃገረድ ቬርሜር በ1665 አካባቢ የሣላት ሙሉ በሙሉ አይደለችም። ሥዕሉ የሚገኝበት የሆላንዱ ማውሪትስኸውስ ሙዚየም በ2018 ሥዕሉን በመሣሪያ አስመርምሮ ውጤቱን በ2020 አሳውቋል። ከኋላዋ ያለው ጥቁር የሚመስለው ቦታ በመጀመሪያ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር። በጥቁር ላይ የተቀባው ስስ አረንጓዴ በጊዜ ብዛት ደበዘዘ። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሽፋሽፍቶችም ተገኝተዋል። ለአንቺ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፦ ቬርሜር የጀመረው በቡናማና በጥቁር ነው። ቆዳው፣ ሰማያዊው ሻሽ፣ ነጩ አንገትጌ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮዋን፣ የሻሹን አናትና የአንገቷን ጀርባም እየሠራ ቦታ ቀይሯቸዋል። እሱም አርሟል። አንቺ በአንድ ጊዜ ከቆዳ ቀለም ከጀመርሽ፣ እሱ ሁለተኛ ያደረገውን አንደኛ አደረግሽው።

ስለዚህ ልጃገረዷን ሦስተኛ አድርገሽ አቆዪያት። መጀመሪያ የምመክርሽ ሬምብራንት በ1628 አካባቢ፣ 22 ዓመት ገደማ ሳለ የሣለውን የራሱን ምስል ነው። አምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም ይገኛል። ከመጽሐፍ ገጽ ብዙ አይበልጥም፤ 22.6 በ18.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ብርሃኑ ጉንጩን ዳር ዳሩን ይዳስሰዋል፤ ቀሪው ፊት ጥላ ውስጥ ነው። ዓይኖቹ ጨለማ ውስጥ ሆነው በጭንቅ ነው የሚታዩት። ሆኖም ያዩሻል! ዓይን እምቢ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም። የፀጉሩን ጥቅልል ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሹ እንጨት ጭሮ ነው ያወጣው። እሱን ስትሞክሪ ደስ ይልሻል።

ቀጥሎ የስፔናዊውን ሰዓሊ የቬላስኬዝን ‹ሁዋን ደ ፓሬሃ› ውሰጂ። በ1650 ሮም ላይ የተሣለ ነው፤ አሁን ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ፓሬሃ የቬላስኬዝ ባሪያ ነበር። በዚያው ዓመት የነፃነት ሰነዱ ተፈረመለት፤ በኋላም በራሱ ስም ሰዓሊ ሆነ። ያ ቀና ያለ አንገት ታሪክ አለው። እንደ ትምህርትም ትልቅ ነገር ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ብርሃን እንዴት እንደሚያርፍ ያሳያል። ቡናማው ውስጥ ግራጫው፣ ወይራማው፣ ቀያዩ ሁሉም አሉ። ነጩ የዳንቴል አንገትጌ ደግሞ ለዓይንሽ መለኪያ ይሆናል። ግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን ነጭ መስሎሽ ከነበር ከአንገትጌው ጋር አስተያዪው።

ሞናሊዛን አትንኪ። ጥላዋ የተሠራው እጅግ በሳሱ ሽፋኖች ነው፤ ላይዋም በቢጫ ቫርኒሽ ተሸፍኗል። ቫርኒሹን ነው ቀድተሽ የምትቀሪው።

ስልኩን በተመለከተ። ስልክ ሦስት ነገር ያበላሽብሻል። ራሱ ያበራል፤ ሸራሽ ግን አያበራም። ደማቁን ያደምቃል፣ ጨለማውን ይደፍናል። ምስሉም ትንሽ ስለሆነ ዓይንሽ ዝርዝር ፍለጋ ይሮጣል። ራይክስ ሙዚየምና ሜትሮፖሊታን በድረ ገጻቸው ትልልቅ ምስሎችን በነፃ ያስወርዳሉ። ሁልጊዜ ከሥዕሉ ባለቤት ሙዚየም ውሰጂ። የአንድ ሥዕል ምስል በአሥር ቦታ አሥር ዓይነት ቀለም አለው። አንዱን በቀለም፣ አንዱን በጥቁርና ነጭ አሳትሚ። ሁለቱንም ከሸራሽ ጎን፣ ሸራሽን በሚያገኘው ብርሃን ላይ ስቀያቸው። ኮምፒውተሩን የብሩሽ አካሄድ ቀርበሽ ማየት ስትፈልጊ ብቻ ክፈቺው።

አሁን ዋናው ሥራ። ብሩሽ ከማንሳትሽ በፊት ቶን እዪ። ቶን ስል አንድ ቦታ ምን ያህል ብሩህ፣ ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ ማለቴ ነው። ቀይ ይሁን ሰማያዊ ለጊዜው ግድ የለንም። ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ሥዕሉን እዪው። ሽፋሽፍቱ ይጠፋል፣ ከንፈሩ ይደበዝዛል፤ ትልልቅ የብርሃንና የጥላ ቁርጥራጮች ይቀራሉ። ፊት የሚቆመው በእነዚያ ነው።

ተማሪ ሳለሁ የሬምብራንትን የ1659 የራስ ምስል ቀድቻለሁ። ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ያለውን። ግንባሩ ላይ ያለው ወፍራም ቀለም ማርኮኝ ነበር። እያንዳንዱን ጉብታ በቀለም ቢላ አስመሰልኩ። አንድ ወር ሠራሁ። መምህሬ መጣና ምንም ሳይናገር መብራቱን አደበዘዘው። የሬምብራንት ራስ በድብዝዝ ብርሃን እንደ ድንጋይ ክብ ሆኖ ቆመ። የእኔው ጠፍጣፋ ሆነ። ጉብታዎቹን ቀድቼ ቶኑን ስቼ ነበር። ያን ቀን በጣም አዝኜ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ሥዕል ያለ ቶን ጥናት ጀምሬ አላውቅም።

እንዲህ አድርጊ። የመዳፍ ስፋት ባላት ካርቶን ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለም ብቻ ይዘሽ ሥዕሉን በአምስት ቶን ሥሪው። አምስት ብቻ። ስድስተኛ ከፈለግሽ አንዱን ሰርዢ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር አትሣዪ፤ ቁርጥራጭ ብቻ። ሰፊ ብሩሽ ያዢ። 40 ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ጊዜ ደጋግሚው። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ከክፍሉ ማዶ እዪው። ከዚያ ርቀት ሰውየው ከታወቀ ፖርትሬትሽ ግማሹ አልቋል። ካልታወቀ ቀለም አያድነውም። ይሄ ክፍል አሰልቺ መስሎ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባክሽ አትዝለዪው፤ ያንቺ የሁለት ወር ድካም የፈሰሰው እዚህ ጋ ነው።

ንድፉ ላይ ብዙ አልቆይም። በወረቀት ማሸጋገር ወይስ በዓይን? በዓይን ነው የምለው፤ ግን በመለኪያ። ትልልቆቹን ነጥቦች፣ ማለትም የራሱን አናት፣ አገጩን፣ የዓይኖቹን መስመር፣ የአፍንጫውን ሥር፣ በካሬ መስመር ብታስቀምጪ አይከፋም። በመካከላቸው ያለውን ግን ዓይንሽ ይፈልገው። የእህትሽ ፊት ላይ ካሬ አይሰመርም! ሲያልቅ በመስታወት እዪው፤ ከዚያ ሁለቱንም ገልብጠሽ እዪ። ስህተቱ ራሱ ይጠራሻል።

«ዓይኗ እምቢ አለኝ» ላልሽው፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ላይ አይደለም። ዓይን ኳስ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ። ጉድጓዱ ጥላ ካልያዘ ዓይኑ የፈለገውን ያህል ቢያምር ላይ ላዩን የተለጠፈ ይመስላል። ነጩ ክፍልም ነጭ አይደለም። የላይኛው ቆብ ጥላ ይጥልበታል። የዓይኑን ነጭ ከአንገትጌው ነጭ ጋር አስተያዪው፤ ምን ያህል ግራጫ እንደሆነ ትገረሚያለሽ። ብልጭታዋን ከሁሉም በመጨረሻ፣ በአንድ ንክኪ አድርጊያት። ካልሆነልሽ ጥረጊያትና እንደገና አንድ ንክኪ። ነካክተሽ አታስተካክያት።

ሸራውን ነጭ አትተዪው። በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በቀጠነ አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ የአፈር ቀለም) ወይም ግራጫ ቀባ አድርገሽ አድርቂው። ነጭ ሸራ ላይ የምታደርጊው ቀለም ሁሉ የጨለመ ይመስልሻል፤ ከዚያ ሳታውቂው ነጭ ትጨምሪያለሽ። የመጀመሪያው ሽፋን በአምበር ብቻ ይሁን። ጥላውን በቀጭኑ ቀቢው፤ ብርሃኑን በጨርቅ ጥረጊው። የአምስት ቶን ጥናትሽን እንደገና በትልቁ መሥራት ማለት ነው። አምበር ውስጥ ማንጋኒዝ ስላለ ቶሎ ይደርቃል፤ ለመጀመሪያ ሽፋን የሚወደደውም ለዚህ ነው። አይቮሪ ጥቁር ደግሞ በጣም ይዘገያል፤ ሥሩ ላይ ወፍራም አድርገሽ አታስቀምጪው።

የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ከሥር ያለው ሽፋን ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ የሚመጣው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት። ተገላብጦ ከሆነ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያው ትንሽ አኳራጅ፣ ለሁለተኛው ቀለሙ እንዳለ፣ ለመጨረሻው ጠብታ የተልባ ዘይት፤ በዚህ ሂጂ። መስኮት ክፈቺ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ ላይ አትጣዪ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘርግተሽ አድርቂው ወይም ውኃ በያዘ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺው።

አሁን ጭቃው። ጭቃ የሚባል ቀለም የለም። ቦታውን የሳተ ቀለም ነው ያለው። አንዱን ቡናማ ጥላው ላይ ብታደርጊው ሞቅ ያለ ቆዳ ይሆናል። ያንኑ ቡናማ ብርሃን ባለበት ጉንጭ ላይ ብታደርጊው ቆሻሻ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ቶኑ ትክክል ነው ወይ ነው። ሁለተኛ ምክንያት የቀለም ብዛት ነው። ፓሌትሽ (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳሽ) ላይ ስንት ቀለም ነበር? አሥራ ሁለት ከነበረ ወደ አራት አውርጂው፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አይቮሪ ጥቁር። ስዊድናዊው አንደርስ ዞርን ብዙ ፊቶችን በእነዚህ መሰል አራት ቀለሞች ሠርቷል፤ ቀዩ የእሱ ቬርሚሊዮን ነበር። ጥቁሩ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ከኦከሩ አጠገብ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ለሬምብራንትም ለፓሬሃም ይበቃሻል። ለቬርሜር ሻሽ ሲደርስ ብቻ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ትጨምሪያለሽ። የድሮዎቹ የእርሳስ ነጭና ቬርሚሊዮን ይጠቀሙ ነበር። አንዱ እርሳስ፣ ሌላው ሜርኩሪ አለበት፤ አንቺ ፍለጋ አትሂጂ። ቲታኒየም ነጭ ይበቃል፤ ግን በጣም ኃይለኛና ቀዝቃዛ ስለሆነ ከምታስቢው ግማሹን ተጠቀሚ።

ሦስተኛው ምክንያት ማሸት ነው። ጀማሪ ሁለት ቀለሞችን ጎን ለጎን እንዳስቀመጠ ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ያሻቸዋል፤ ቆዳ ለስላሳ ነው ብሎ። ሲያሽ ሁለቱም ይሞታሉ። ሥዕሉን ከመጀመርሽ በፊት ፓሌት ላይ አምስት ክምር አዘጋጂ። አንድ ለብርሃኑ፣ ሁለት ከብርሃን ወደ ጥላ ለሚወስዱት መካከለኛ ቶኖች፣ አንድ ለጥላው፣ አንድ ጥላ ውስጥ ለሚገባው ነጸብራቅ። እያንዳንዱን በምስሉ ላይ ካለው ቦታ ጋር አስተያዪ። የቀለም ቢላሽን ጫፍ ነክረሽ ከታተመው ምስል አጠገብ ያዢው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከዚያ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጎን ለጎን ደርድሪያቸው። አታሺ። ከሦስት እርምጃ ርቀት ስታዪው ራሱ ይዋሃዳል። መጨረሻ ላይ ጥላና ብርሃን የሚገናኙበትን ጠርዝ ብቻ፣ አንድ ሁለት ቦታ፣ በንጹሕ ብሩሽ አለስልሺ። የትኛው ጠርዝ ይለስልስ፣ የትኛው ይጠንክር ብሎ መምረጥ የሰዓሊው ዋና ሥራ ነው። ቬርሜር በአፍንጫው አጥንት ላይ የመረጠው ሙሉ በሙሉ ማጥፋትን ነው።

ቆዳ የሚኖረው መካከለኛው ቶን ላይ ነው። እኔ ሥዕል ስመለከት መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። ከብርሃን ወደ ጥላ ስትሻገሪ ቆዳው ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ወይራማ ያደላል። ይሄን ያለ ሰማያዊ ቀለም ማግኘት ይቻላል። የደረቀ ጨለማ ሽፋን ላይ ብሩህ ቀለም በጣም ስስ አድርገሽ ስትጎትቺ ሰማያዊ ግራጫ መስሎ ይታያል። ጭስ በጨለማ ጀርባ ላይ ሰማያዊ እንደሚመስለው ነው። ካርቶን ላይ ሞክሪው። መጀመሪያ ሲሳካልሽ ተዓምር ይመስልሻል። የአምበሩ ሽፋን መድረቅ ያለበትም ለዚህ ነው። ካልደረቀ ከላዩ ጋር ይቀላቀልና ያው ጭቃ ይሆናል።

ሙሉ ሥዕል ሁለት ወር ከመቅዳት ቁራጭ ደጋግሞ መቅዳት ይበልጣል። ዓይንና የአፍንጫ ሥር ብቻ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ካሬ፣ በሁለት ሰዓት። በማግስቱ እንደገና። ሦስተኛውን ቀን ምስሉን ገልብጠሽ አስቀምጪውና በቃል ሥሪው። ኦራስ ሌኮክ ደ ቧቦድራን የሚባል የፈረንሳይ መምህር ተማሪዎቹን በዚህ መንገድ ያሠለጥን ነበር፤ ቀራጺው ሮዳን ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። በቃል ስትሠሪ የት እንደጠፋሽ በትክክል ታውቂያለሽ። ምስሉን ስትገልጪው ዓይንሽ በቀጥታ ወደዚያ ቦታ ይሮጣል፤ ያየሽውንም አትረሺውም።

አሁን ወደ መንታው። የሬምብራንቱን ቅጂ እንደጨረስሽ ቀለሙን ከፓሌትሽ ላይ አታጽጂ። መስታወት አምጪ። በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን የሚገባበት ክፍል ውስጥ ተቀመጪ፤ ሌላውን ሁሉ መብራት አጥፊ። ብርሃኑ ከትንሽ ኋላሽ መጥቶ ጉንጭሽን ዳር ዳሩን ብቻ እስኪነካ ድረስ ወንበሩን አንቀሳቅሺ። ይሄ ማስተካከል ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ቅር አይበልሽ። ሬምብራንትም በመስታወት ፊት ተቀምጦ ይሄንኑ ፈልጓል። ከዚያ በዚያው መጠን ካርቶን፣ በዚያው አምበር፣ በእነዚያው አምስት ክምሮች ራስሽን ሥሪ። ሦስት ሰዓት። ክምሮቹ በትክክል አይገጥሙም፤ ቆዳሽ የእሱ አይደለምና። ስንት ያህል እንደሚለያዩ ማስተካከል ግን ከባዶ ከመጀመር እጅግ ይቀላል። እህትሽ ጋ ስትሄጂ የጎደለሽ ይሄ ድልድይ ነበር። ብርሃኗ ምን ዓይነት ነበር? ጣሪያ ላይ ያለ መብራት ከሆነ ቬርሜር ያስተማረሽ ነገር እዚያ አይሠራም። እሱ የሚሠራው ከግራ በሚመጣ የመስኮት ብርሃን ነው።

አሜሪካዊው ሰዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1879 ፕራዶ ሄዶ ቬላስኬዝን ቀዳ። በ1880 ሆላንድ፣ ሃርለም ከተማ ሄዶ ሰዓሊውን ፍራንስ ሃልስን ቀዳ። ያኔ ገና 24 ዓመቱ ነው፤ ግን ሥራው በአደባባይ ይታይ ነበር። ከዚያ ወደ ሞዴሎቹ ተመልሷል። በቀጣዮቹ ዓመታት የሠራቸውን ስታዪ የቬላስኬዝን ጨለማ ክፍልና የሃልስን ፈጣን ብሩሽ ታያለሽ፤ ፊቶቹ ግን የዘመኑ ሰዎች ፊት ናቸው።

ቫን ጎግ ደግሞ በ1889 እና በ1890 ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ሆስፒታል ሳለ ሚሌ የተባለውን ሰዓሊ ሥዕሎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ ቀድቷል። ቀለሙን ራሱ ነው የሰጣቸው። ይሄንን ለፓሬሃ ተጠቀሚበት። አንድ ቅጂ ከጥቁርና ነጩ ኅትመት ብቻ ሥሪ፤ ቀለሙን የእህትሽን ቆዳ እያየሽ ምረጪ። ቅጂና መንታ በአንድ ሸራ ላይ ይገናኛሉ።

ቅጂሽን ስትፈርሚ ከጀርባው የዋናውን ሰዓሊ ስም፣ «ቅጂ» የሚለውን ቃልና ዓመተ ምሕረቱን ጻፊ። መጠኑንም ከዋናው ለየት አድርጊው። መጠን መለየቱ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ለሚቀዱ ሰዎች ደንብ ነው፤ እኔም ቤት ለሚቀዳ ሰው መልካም ልማድ ነው እላለሁ።

ያቺን የሁለት ወር ሸራ አትጣዪያት፤ በላይዋም አትቀቢ። ፎቶ አንሺና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። የዋናውንም እንዲሁ። ጎን ለጎን አድርገሽ ዓይንሽን አጥብበሽ እዪ። በጣም የሚለያዩባቸውን ሦስት ቦታዎች ብቻ በእርሳስ ጻፊ። የመጀመሪያው በብርሃን በኩል ያለው ጉንጭ ይመስለኛል፤ ሁለተኛው የዓይን ጉድጓድ። ሦስተኛውን አንቺ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ካርቶን፣ ሰፊ ብሩሽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የ22 ዓመቱ ሬምብራንት። መንታውን ስትጨርሺ ሁለቱን አብረሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መጀመሪያ የማየው ጥላና ብርሃን ጉንጭሽ ላይ የሚገናኙበትን ቦታ ነው።